ለፖሊስ ከኪስ የሚከፈል ገንዘብ፦ ጉቦ የሚሆነው መቼ ነው?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የምሽት ክበብ ያለው ኢትዮጵያዊ አርብና ቅዳሜ ማታ ደጁ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ የከተማው ፖሊስ እንዲቆምለት ከፈለገ ለፖሊስ መምሪያው ያመለክታል። ሂሳቡ ተሠርቶ ይመጣለታል፣ ይከፍላል፣ ደረሰኙን ከሌሎች የድርጅቱ ወጪዎች ጋር ያስቀምጣል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመው የሚኒባስ ሾፌር መንጃ ፈቃዱ ውስጥ ብር አጥፎ ያቀብላል። ሁለቱም የግል ገንዘብ ነው፤ ሁለቱም ፖሊስ ዘንድ ደርሷል። የመጀመሪያውን ጉቦ የሚለው ሰው የለም፣ ሁለተኛው ጉቦ መሆኑን ለማወቅም ጠበቃ መጠየቅ አያስፈልግም። የሚያከራክረው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፦ ኮንሰርት አዘጋጅ ለጸጥታ አስከባሪዎች የሚቆርጠው አበል፣ የተሰረቀ ሰው ሌባውን ለማስያዝ የሚከፍለው የነዳጅ ገንዘብ፣ ሬስቶራንት ለፖሊሶች የሚጋብዘው ምሳ፣ ባንክ ለፖሊስ መምሪያ የሚለግሰው ኮምፒዩተር።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ደረሰኝ ካለው ሕጋዊ ነው፣ ከሌለው ጉቦ ነው» የሚል ነው። ለመንገድ ላይ መጥፎ መለኪያ አይደለም። ግን ደረሰኝ የተቆረጠለት ገንዘብ አንድን የፖሊስ ተቋም ከሥሩ ሲያበሰብስ ታይቷል። እኔ የተሻለ መለኪያ የምለው ይህን ነው፦ ገንዘቡን ያገኘው ፖሊስ ነገ ከፋዩ ራሱ ቢያጠፋ ያለ ምንም ይሉኝታ ይዞት ጣቢያ መሄድ ይችላል ወይ? ሕጎቹም ሆኑ ቅሌቶቹ፣ አገር ቢለያዩም፣ ዞረው የሚመጡት ወደዚሁ ነው። (ከዚህ በኋላ የውጭ አገሮቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። ኢትዮጵያ በ2007 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የጸረ ሙስና ስምምነት ጉቦን የሚገልጸው የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ረገድ አንድ ነገር እንዲያደርግ ወይም ከማድረግ እንዲቆጠብ የሚሰጠው የማይገባ ጥቅም አድርጎ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ጥቅም ሁሉ አይደለም፤ የማይገባ መሆን አለበት። በሕግ በተወሰነ ታሪፍ የሚከፈል የአገልግሎት ዋጋ የማይገባ ጥቅም አይደለም። ሁለተኛ፣ ጥቅሙ የግድ ሠራተኛው ኪስ መግባት የለበትም፤ ለሌላ ሰው ወይም ለድርጅት ቢሰጥም ያው ነው። ስለዚህ «ለራሴ አልወሰድኩም፣ ለጣቢያው ጎማ ነው ያስገዛሁት» የሚለው መከላከያ ብቻውን ከተጠያቂነት አያድንም።

በኢትዮጵያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሙስና አንቀጾች በ2007 ዓ.ም. በወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ተተክተዋል። በዚህ ሕግ ዙሪያ በሰው አእምሮ ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ ስህተት አለ። «ሕገ ወጥ ነገር እንዲሠራልኝ አልጠየቅኩም፤ መብቴ የሆነውን እንዲያፋጥንልኝ ብቻ ነው የሰጠሁት» ይባላል። ሕጉ ግን ይህን ቀዳዳ አልተወም። ሠራተኛው ግዴታውን ጥሶ ጥቅም ቢቀበል ወንጀል ነው፤ መሥራት የሚገባውን ሥራ ለመሥራት ብሎ የማይገባ ጥቅም ቢቀበልም ወንጀል ነው። ሰጪውም ከተቀባዩ ጋር ይጠየቃል። «ሻይ በልበት» የተባለ ብር ስሙ ስለተለወጠ ብቻ ከዚህ አያመልጥም።

ታዲያ ፖሊስ ለሥራው ጨርሶ ከግለሰብ ገንዘብ መቀበል አይችልም ማለት ነው? ለዚህ እስካሁን የሚጠቀስ መልስ የሰጠው አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ነው። በ1921 የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች አድማ መቱ። ደቡብ ዌልስ ስዋንዚ አካባቢ የሚገኝ ግላስብሩክ የተባለ የማዕድን ኩባንያ ፖሊሶች ግቢው ውስጥ ሰፍረው እንዲጠብቁለት ጠየቀ። የአካባቢው የፖሊስ ኃላፊ «ይህን ያህል አያስፈልግም፣ አቅራቢያ ያለ ተንቀሳቃሽ ኃይል ይበቃል» አለ። ኩባንያው አልተስማማም፤ እዚሁ ይደሩልኝ ብሎ ወጪውን ሊከፍል ተዋዋለ። አድማው ሲያበቃ 2,200 ፓውንድ ገደማ ሂሳብ ሲመጣበት ግን «ጥበቃ የፖሊስ ግዴታ ነው፣ ለግዴታ ዋጋ አይጠየቅም» ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ከነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ። ሦስት ዳኞች ለፖሊስ፣ ሁለቱ ለኩባንያው ፈረዱ። ሦስቱ ያሉት፣ ፖሊስ ሰላም ለማስከበር አስፈላጊ ነው ብሎ ላመነበት ሥራ ከማንም ምንም መጠየቅ አይችልም፤ ከዚያ በላይ የሆነ፣ ጠያቂው ለራሱ ምቾት የፈለገው ልዩ አገልግሎት ከሆነ ግን ማስከፈል ይችላል።

ድምፁ ለሁለት መከፈሉን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም። ክፍያውን የተቃወሙት ዳኞች ሥጋት ከመቶ ዓመት በኋላም አልሞተም፦ ፖሊስ አንዴ ማስከፈል ከለመደ «አስፈላጊ» የሚለውን መስመር ማን ያሰምርለታል? ራሱ ነው የሚያሰምረው። ዛሬ በእንግሊዝ የ1996ቱ የፖሊስ ሕግ ይህን ልዩ አገልግሎት በግልጽ ይፈቅዳል፣ ዋጋውም ገቢ የሚሆነው ለተቋሙ ነው። ክርክሩ አሁን ወደ እግር ኳስ ሜዳ ዞሯል። ክለቦች በስታዲየማቸው ውስጥ ለሚቆም ፖሊስ ይከፍላሉ። ከስታዲየሙ ውጭ ባሉ የሕዝብ መንገዶች ላይ ለሚሰማራው ግን ሊድስ ዩናይትድ በ2013፣ ኢፕስዊች ታውን በ2017 ተከራክረው አሸንፈዋል፤ መንገዱ የሕዝብ ነው፣ ጸጥታውም የሕዝብ ግዴታ ነው ተባለ።

አሜሪካ ነገሩን በሌላ መንገድ ነው የያዘችው። እዚያ በብዙ ከተሞች ፖሊሱ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የመንግሥትን ዩኒፎርም እንደለበሰ፣ የመንግሥትን ሽጉጥ እንደታጠቀ፣ የማሰር ሥልጣኑም ሳይጎድል ለሱፐርማርኬት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመንገድ ሥራ ተቋራጭ ተቀጥሮ መሥራት ይችላል። አንዳንዱ ከተማ ገንዘቡ በማዘጋጃ ቤት በኩል እንዲያልፍ ያደርጋል። ኒውዮርክ በ1998 እንዲህ ያለ ፕሮግራም ስትጀምር ቀጣሪው ለከተማዋ ከፍሎ፣ ከተማዋ 10 በመቶ የአስተዳደር ወጪ ጨምራ እንድትወስድ ነበር ያደረገችው። ዲሲም በመምሪያው በኩል ነው የምታስተናግደው። ሌላው ከተማ ግን ፖሊሱና ቀጣሪው በቀጥታ እንዲስማሙ ይተዋል።

በቀጥታ መስማማት ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ከኒው ኦርሊንስ የተሻለ ማሳያ የለም። የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በ2011 ስለዚያች ከተማ ፖሊስ ባወጣው ሪፖርት የተቀመጠ አንድ አባባል ዛሬም ይጠቀሳል፤ የትርፍ ሰዓት ጥበቃ ሥርዓቱ የተቋሙ «የሙስና ዋና ደም ሥር» ተብሏል። እዚያ የሆነው ከጉቦ ይልቅ ረቀቅ ያለ ነገር ነበር። ደንበኛ የያዘና ሥራውን የሚያከፋፍል ፖሊስ አስተባባሪ ይሆናል። አስተባባሪው ተራ ፖሊስ ሊሆን ይችላል፤ ከእርሱ ሥራ የሚለምነው ደግሞ የቀን አለቃው መቶ አለቃ። ቀን ቀን መቶ አለቃው ያዝዛል፣ ማታ ማታ ተራው ፖሊስ ይመድባል። ይህ መቶ አለቃ ያንን ፖሊስ ለጥፋቱ ይቀጣዋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ የሰውን ልጅ አያውቅም። ፖሊሶች የራሳቸውን ድርጅት እያቋቋሙ ጥበቃ ይሸጡ ነበር። በመንገድ ካሜራ የተያዙ የትራፊክ ጥፋቶችን የማየት ሥራም ከፍተኛ መኮንኖች ላቋቋሙት ድርጅት ሄዶ ተገኘ፤ ሲጋለጥ ከተማው ተናወጠ።

ያለቀው ለመደበኛ ተረኝነት የሚተርፈው ጉልበትና ትኩረት ጭምር ነው። ሌሊቱን ባር ደጃፍ ቆሞ ያደረ ሰው ጠዋት በጥሪ ወደ ድሃ ሰፈር ሲላክ በምን ዓይን ነው የሚያየው? ብር ያለው ሰፈር በግሉ ፖሊስ ገዝቷል፤ ብር የሌለው የደከመውን ተቀበለ። በ2012 ከተማዋና የፌዴራሉ መንግሥት በደረሱት ስምምነት ሥርዓቱ ፈርሶ፣ ጥበቃ የሚመድብ ራሱን የቻለ የሲቪል ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ፖሊስ ከደንበኛ ጋር ዋጋ መደራደር ተከለከለ።

ለተነሳንበት ጥያቄ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይህን ነው፦ ከከፋዮቹ ብዙዎቹ ጉቦ ሰጡ ሊባሉ አይችሉም። ጥበቃ ገዙ፣ ጥበቃ አገኙ። ፖሊሶቹም አብዛኞቹ የሠሩበትን ነው የወሰዱት። የወንጀል ሕጉ በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ለብቻው ሲሰነዘር የሚይዘው ነገር አጣ፤ ተቋሙ ግን በጥቅሉ ተሽጧል። ጀርሲ ሲቲ ላይ ደግሞ ተራ ስርቆት ተጨመረበት። ያልቆሙበትን ሰዓት ቆምን ብለው የተከፈላቸው ፖሊሶች ጥፋታቸውን አመኑ፣ ከንቲባው በ2018 ፕሮግራሙን አቆሙት።

ስለ ምሳውና ስለ ስጦታው ያለው ክርክር ከዚህ ይለያል፤ እዚህ የተሸጠ የታወቀ አገልግሎት የለም። በ1970 በኒውዮርክ የተቋቋመውና በዊትማን ናፕ የተመራው ኮሚሽን ሙሰኛ ፖሊሶችን «ሥጋ በሎች» እና «ሣር በሎች» ብሎ ለሁለት ከፍሏቸው ነበር። ሥጋ በሎቹ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ ቁማርተኛና አደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ እያሳደዱ በብዙ ሺህ ዶላር ያስከፍላሉ። ሣር በሎቹ ከተቋራጩ፣ ከመኪና ጎታቹ፣ ከሱቁ የመጣላቸውን አምስትና አሥር ዶላር የሚቀበሉ ናቸው። ኮሚሽኑ ይበልጥ ያሰጉት ሣር በሎቹ እንደነበሩ ጽፏል። ብዙ ናቸው፣ ብዛታቸውም መቀበልን ጨዋነት፣ አለመቀበልን ነውር አደረገው። አገራችን ውስጥ «እሱማ አይበላም፣ ተጠንቀቁት» የሚባልለት ፖሊስ ያጋጠመው አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ከሥራው በኋላ የሚሰጥ «ምስጋና»ስ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2024 ያሳለፈው ውሳኔ ብዙዎችን አስደንግጧል። የኢንዲያና ግዛት የፖርቴጅ ከተማ ከንቲባ የነበሩት ጄምስ ስናይደር ከተማቸው ከአንድ የጭነት መኪና ሻጭ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ የቆሻሻ መኪናዎች ከገዛች በኋላ ከሻጩ 13,000 ዶላር ተቀብለው ነበር። ስድስት ዳኞች በሦስት ላይ፣ የክልልና የከተማ ሹማምንትን የሚመለከተው ያ የፌዴራል ሕግ የሚከለክለው አስቀድሞ የተስማሙበትን ጉቦ እንጂ ከሥራ በኋላ የተሰጠን ጉርሻ አይደለም ብለው ወሰኑ። ጉርሻውን መከልከል የክልሎችና የከተሞች ፈንታ ነው ተባለ። ውሳኔው የከተማ ፖሊስንም ይመለከታል። እኔ ከሦስቱ ጋር ነኝ። ዛሬ ከሥራው በኋላ አምስት ሺህ የተሰጠው ፖሊስ ነገ ከሥራው በፊት የሚያስበው ስለ እርሷ ነው፤ ስምምነቱ ሳይነገር ተፈጽሟል።

ልገሳ ደግሞ ይበልጥ ያማረ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ጄፒ ሞርጋን ቼዝ ባንክ ለኒውዮርክ ከተማ ፖሊስ ፋውንዴሽን 4.6 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ነበር፤ ለፓትሮል መኪኖች አንድ ሺህ ላፕቶፕ የተገዛበት ገንዘብ ነው። ልገሳው ከሰልፎቹ በፊት የተደረገ ነው። ሆኖም በ2011 መጸው ባንኮችን የሚቃወሙ ሰልፈኞች ዎል ስትሪት አካባቢ ሰፍረው ያው ፖሊስ ሲያስራቸው፣ ጥያቄው በየቦታው ተነሳ። ጉቦ ነበር? አልነበረም፤ በምትኩ የተጠየቀ ነገር አልታየም። ግን እስር ቤት የገባው ሰልፈኛ የሚያምነው የትኛውን ነው? ፖሊስ ከገለልተኝነቱ ጋር ገለልተኛ ሆኖ መታየቱንም መጠበቅ አለበት፤ ለዚህ ሲባል የሚመለስ ስጦታ አለ።

ለጋዜጠኛ መረጃ መሸጥ ብዙ አያከራክርም። በእንግሊዝ ጋዜጦች ለፖሊስ ስለከፈሉት ገንዘብ ከ2011 ጀምሮ በተደረገው ምርመራ አንዲት ከፍተኛ የስኮትላንድ ያርድ (የለንደን ፖሊስ) መርማሪ አንድ ሳንቲም ሳይከፈላት፣ ለጋዜጣ ደውላ መረጃ ለመሸጥ በመሞከሯ 15 ወር ተፈርዶባታል። ከከፋዮቹ ጋዜጠኞች ግን አብዛኞቹ በነጻ ተለቀዋል።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ ናይጄሪያ ለሁላችንም ትምህርት አላት። እዚያ ፖሊስ ለባለሀብትና ለፖለቲከኛ አጃቢነት መመደቡ እንደ ክብር ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ በኅዳር 2025 ፖሊሶች ከግለሰቦች ጥበቃ ተነስተው ወደ መደበኛ ሥራቸው እንዲመለሱ አዘዙ። ተመሳሳይ ትዕዛዝ ከዚያ በፊትም ከአንዴ በላይ ወጥቶ ሳይጸና ቀርቷል። አጃቢነቱ ለፖሊሱ ከደመወዙ ውጭ መተዳደሪያ ከሆነ በወረቀት ማስቆም ከባድ ነው።

የእኛስ? በኢትዮጵያ የሚሰማው ስሞታ ስለ ክበብ ጥበቃ አይደለም። ሰው ሲሰረቅ፣ ሲደበደብ፣ ተከራይ አልወጣ ሲለው ጣቢያ ይሄዳል። ቃሉን ይሰጣል። ከዚያ «መኪና የለም» ወይም «ነዳጅ የለም» ይባላል። ባጃጅ የሚኮናተረው፣ ፖሊሱን ጭኖ ተጠርጣሪው ቤት የሚያደርሰው፣ አንዳንዴም ምሳ የሚያበላው ከሳሹ ራሱ ነው። ይህን ጉቦ ብሎ የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው፤ ብዙው «ምን ይደረግ፣ በጀት የላቸውም» ይላል። በጀት ማጣታቸው ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ የፖሊሱም ደመወዝ ከኑሮው ጋር የሚመጣጠን አይደለም።

በሕግ ዓይን ሲታይ መልሱ እንደ አከፋፈሉ ይለያያል። ከሳሹ ለባጃጁ ሾፌር በቀጥታ ከከፈለ ፖሊሱ ያገኘው የግል ጥቅም የለም፤ ጉቦ ነው ለማለት ይከብዳል። «ለነዳጅ» ተብሎ ለፖሊሱ በእጁ የተሰጠና ነዳጅ ያልሆነ ብር ግን፣ ሥራው ትክክለኛ ሥራ ቢሆንም፣ የማይገባ ጥቅም ነው። ፖሊሱ «ካልከፈልክ አልሄድም» ካለ ደግሞ ነገሩ ከመቀበል አልፎ ማስገደድ ሆኗል፤ ከሳሹንም ከሰጪነት ይልቅ ተበዳይ ብሎ መጥራት ይቀላል።

በእንግሊዞቹ መስመር ብንመዝነው ደግሞ ልማዳችን የተገለበጠ መሆኑ ይታያል። ወንጀል የተፈጸመበትን ሰው ቃል ተቀብሎ ተጠርጣሪ መያዝ የፖሊስ ሥራ እምብርት ነው፤ ለዚህ ከማንም ምንም አይጠየቅም። ትኬት ሸጦ የሚያተርፍ ኮንሰርት አዘጋጅ ግን ተጨማሪ ኃይል ሲፈልግ ልዩ አገልግሎት ነው የሚገዛው፤ በታወቀ ተመን ለመንግሥት ካዝና ቢከፍል ማንም አይጎዳም። እኛ ዘንድ ለሕዝባዊ ዝግጅት አበል የተቀበለ ፖሊስ ይታማል፣ ተበዳይን ነዳጅ ያስሞላው ጣቢያ ግን ይታዘንለታል።

ነዳጅ ማስሞላት ከአበል የሚከፋበት ሌላም ምክንያት አለ። ኮንሰርቱ ላይ ተቃራኒ ወገን የለም። የወንጀል ክስ ግን ሁለት ወገን አለው። ከሳሹ ፖሊሱ እንዲሄድ ነዳጅ መሙላት ከቻለ፣ ተከሳሹም ፖሊሱ እንዳይሄድ መሙላት ይችላል፣ ያውም እጥፉን። ያኔ መዝገቡ የሚንቀሳቀሰው በማስረጃ አይሆንም። ሁለቱም ድሆች ከሆኑ ደግሞ ቃሉ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ፋይሉ ካቢኔ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከሳሹ በየሳምንቱ እየመጣ «ገና ነው» ተብሎ ይመለሳል። ለዚህ ሰው የጉቦ ትርጉም ምን እንደሆነ ማብራራት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ለጣቢያው የምርመራ ጉዞ የተያዘ በጀት፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የትኛው አገልግሎት እንደሚከፈልበትና የትኛው እንደማይከፈልበት የሚነግር፣ ቅሬታ የሚቀርብበት ስልክ ያለው ወረቀት ነው።